ኪቦርዱ ምን በደለ?

የዛሬውን ጽሑፌን በኑዛዜ ልጀምር። ነገሩ ከሆነ ብዙ ዓመት አልፎታል። ብሉር መንገድ ላይ፣ ከኦሲንግተን የምድር ባቡር ጣቢያ ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ውስጥ ቅዳሜ ማታ ከጓደኞቼ ጋር ተቀምጫለሁ። ጥጉ ላይ አንድ ሰው ብቻቸውን ኪቦርድ ይጫወታሉ። በዕድሜ ታላቃችን ናቸው። አዲስ አበባ ሳሉ ትራምፔት ነፊ እንደነበሩ ሁላችንም እናውቃለን። ያን ዕለት ግን ከኪቦርዱ ሆድ የወጣ የዲስኮ ምት ለቀው፣ በላዩ ላይ የጥንቱን ዘፈን ያስኬዳሉ። እኔም ሰው በሚሰማው ድምፅ፣ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ዲስኮ ነው! የጥንቱን ባንድ ረሱት እንዴ?» አልኳቸው። ሁለተኛው ቢራ ሳያግዘኝ አልቀረም።

ጋሼ እጃቸውን ከኪቦርዱ ሳያነሱ ቀና ብለው አዩኝና፣ «ልጄ፣ ለሰባት ሰው ቪዛ አስመታልኝ፤ የጥንቱን ባንድ ነገ ማታ አመጣልሃለሁ» አሉ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን አንገቴን ደፍቼ ነበር። ጋሼ ቀጥለው ያደረጉትን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ጥያቄ እናንሳ፤ በየሠርጉና በየክርስትናው ድግስ ላይ «ሙዚቃችንን ኪቦርድ ገደለው» የምንለው ነገር እውነት ነው ወይስ የአፍ ልማድ?

ክሱ የእኛ ብቻ አይደለም። በፈረንጆቹም ዘንድ ልክ ይኸው ሙግት ተካሂዷል። እ.ኤ.አ. በ1978 እና በ1979 (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በጊታር ጩኸት ስማቸውን የተከሉ የሮክ ሰዎች ተራ በተራ ወደ ዲስኮ ሄዱ። ሮሊንግ ስቶንስ በ1978 «ሚስ ዩ»ን አወጡ። በዚያው ዓመት ሮድ ስትዋርት «ዳ ያ ቲንክ አይም ሴክሲ»ን አስከተለ። ፊታቸውን ቀለም የሚቀቡት ኪስ በ1979 «አይ ዋዝ ሜድ ፎር ላቪን ዩ»ን ለቀቁ። አፍቃሪዎቻቸው «ከሃዲዎች!» ብለው ጮኹባቸው። ዘፈኖቹ ግን እንደ ጉድ ተሸጡ።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለቱ የእኛኑ ከተማ የሚነኩ ናቸው። ሮሊንግ ስቶንስ በመጋቢት 1977 ስፓዳይና ጎዳና ላይ ባለው ኤል ሞካምቦ በሚባል ትንሽ ክበብ ተጫውተው ነበር፤ ከብሉር ወደ ደቡብ ጥቂት ወረድ ብሎ ማለት ነው። ሚክ ጃገር ከኪቦርድ ተጫዋቹ ቢሊ ፕሬስተን ጋር «ሚስ ዩ»ን ማብሰል የጀመረው ለዚያ ዝግጅት ሲለማመዱ እንደነበረ ይነገራል። ሁለተኛው ደግሞ የቶሮንቶ ተወላጁ አቀናባሪ ቦብ ኤዝሪን ነው። የፒንክ ፍሎይድ ሰዎች በ1979 «ዘ ዎል» የተባለውን አልበማቸውን ሲሠሩ፣ «አናዘር ብሪክ ኢን ዘ ዎል» ከሚባለው ዘፈን ሥር የዲስኮ ምት እንዲገባ የወተወታቸው እርሱ ነው። ጊታር ተጫዋቹ ዴቪድ ጊልሞር ዲስኮ ቤት ሄዶ እንዲሰማ ቢመከር፣ ሰምቶም አልወደደውም። ዘፈኑ ግን በእንግሊዝም በአሜሪካም አንደኛ ወጣ።

ቁጣው የት ድረስ እንደሄደ ታስታውሳላችሁ? ሐምሌ 12 ቀን 1979 በቺካጎ የቤዝቦል ሜዳ ላይ የዲስኮ ሸክላዎች በሣጥን ተከምረው በፈንጂ ተደመሰሱ። ሕዝቡ ሜዳውን ወርሮ ሁለተኛው ጨዋታ ሳይካሄድ ቀረ። ይህን ያህል ቁጣ ለሙዚቃ ብቻ ነው? ዲስኮ ያደገው በኒውዮርክ የጥቁሮች፣ የላቲኖችና የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች መጨፈሪያ ቤቶች ውስጥ ነበር። እነዚያን ቤቶች ቀድመው ካሞቁት ሸክላዎች አንዱም የካሜሩኑ ተወላጅ ማኑ ዲባንጎ በ1972 የቀዳው «ሶል ማኮሳ» ነው። ስለዚህ «ዲስኮ ሮክን አበላሸ» ይሉ የነበሩት ሰዎች፣ ከምቱ ይልቅ ምቱን ይዞ የመጣው ሰው ያስቆጣቸው እንደነበር ብዙዎች ጽፈዋል። ሰው ሙዚቃ ሲሰድብ ከሙዚቃው ኋላ ማንን እየሰደበ እንደሆነ መመርመር አይከፋም። እኔ ያን ማታ ስናገር የሰደብኩት ማንን ነበር?

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። «የጥንቱ ባንድ» የምንለው ራሱ ከየት መጣ? የትንፋሽ መሣሪያዎቹ ከዐድዋ ድል በኋላ ከሩሲያ መጡ። በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው 40ዎቹ የአርመን ልጆች፣ በኬቮርክ ናልባንዲያን እየተመሩ በከተማችን ማርሽ ነፉ። ከዚያም ክብር ዘበኛ፣ ፖሊስና ጦር ሠራዊት የየራሳቸውን ባንድ አቆሙ። ጥላሁን ገሠሠና ማሕሙድ አሕመድ ከክብር ዘበኛ ወጡ። ከፖሊስ የወጣው ዓለማየሁ እሸቴ በወጣትነቱ ኤልቪስን እየመሰለ ይዘፍን ነበር። ሙላቱ አስታጥቄ በለንደን፣ በቦስተንና በኒውዮርክ የተማረውን የጃዝና የላቲን ስልት ከቅኝቶቻችን ጋር አጋባ። እንግዲህ ዛሬ «የእኛ» ብለን የምንሳሳለት ድምፅ፣ በጊዜው መሰንቆና በገና ሲሰሙ ላደጉ አባቶች ባዕድ ነበር። ለእነርሱ ሳክስፎኑ ዲስኮ ነበር ማለት ይቻላል። የትናንቱ ባዕድ የዛሬ ቅርስ ሆኗል።

ታዲያ ባንዱን ማን በተነው? ኪቦርዱ? አይደለም። ከ1974ቱ አብዮት በኋላ ሰዓት እላፊ ታወጀ። ማታ ሆቴል የገባ ሰው እስኪነጋ እዚያው ተቆልፎበት ይጨፍር ነበር። ዋልያስ ባንድ በሒልተን፣ አይቤክስ በራስ ሆቴል፣ ዳህላክ በግዮን ሆቴል እንዲያ ሌሊቱን ያነጉ ነበር። ይህን ያዩ አንባብያን ከእኔ በላይ ያውቁታል። በ1969 አምሃ ሬከርድስን የከፈተው አምሃ እሸቴ በ1975 አገር ለቀቀ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሸክላ ኅትመት ቆመና ዘመኑ የካሴት ሆነ። ካሴት ርካሽ ነው፤ በቀላሉ ይባዛል፤ በቀላሉም ይሰረቃል። ገቢው ሲያንስ የስምንት ሰው ደመወዝ ይከብዳል። አይቤክስ ሮሃ ባንድ ሆኖ፣ የዳዊት ይፍሩ ኪቦርድና የሰላም ስዩም ጊታር የ1980ዎቹን ካሴቶች ተሸከሙ። ሆቴሉ ተቆለፈ፣ ሸክላው ቆመ፣ ሰዉ ተሰደደ፤ የትንፋሽ መሣሪያዎቹ ቁጥር የተመናመነው በዚህ ሁሉ ተደራራቢ ምክንያት ነው። ኪቦርዱ የሟች ቤት ጠባቂ እንጂ ገዳይ አልነበረም።

እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር ልጨምር። «የኪቦርዱ ዘመን ውድቀት ነው» የሚለውን ፍርድ ያጠናከረልን ፈረንጅ ነው ብል ታምኑኛላችሁ? ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በ1990ዎቹ መጨረሻ «ኢትዮፒክስ» የተባለውን የሲዲ ተከታታይ ማውጣት ጀመረ። ባለውለታችን ነው፤ ይህ አይካድም። የመጀመሪያው ሲዲ ግን «ወርቃማዎቹ ዓመታት» ብሎ ከ1969 እስከ 1975 ያለውን ጊዜ አጠረ። ወርቁ በዚያ ካለቀ፣ ከዚያ ወዲህ ያለው ምን ሊባል ነው? መዳብ? ከእኛ ብዙዎቻችን በሱዳን፣ በኬንያና በጣሊያን በኩል አድርገን እዚህ ስንደርስ በሻንጣችን የነበሩት የ1980ዎቹ ካሴቶች ናቸው። በናፍቆት ሌሊት ያጽናኑን እነርሱ ናቸው። ኋላ ግን የፈረንጁን መደርደሪያ አይተን በገዛ ካሴታችን አፈርን።

ነገሩን ይበልጥ የሚያስቀው ደግሞ ይኸውላችሁ። ዋልያስ ባንድ በ1981 ለትርኢት ወደ አሜሪካ ሲሄድ፣ ኃይሉ መርጊያን ጨምሮ ከአባላቱ ከፊሎቹ እዚያው ቀሩ። ኃይሉ በ1985 ዋሽንግተን ላይ ብቻውን ስቱዲዮ ገባ። ሰው የለም፤ ባንድ የለም። የልጅነት መሣሪያውን አኮርድዮኑን፣ አንድ ሙግ ሲንተሳይዘር፣ የኤሌክትሪክ ፒያኖና የከበሮ ማሽን ይዞ «ሸሞንሟናዬ» የተባለውን ካሴት ቀዳ። ከዚያም ለብዙ ዓመታት በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ነዳ፤ ደንበኛ እስኪመጣ ኪቦርዱን ከመኪናው ዕቃ መጫኛ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። በ2013 አንድ የአሜሪካ አሳታሚ ያንኑ ካሴት እንደገና ቢያወጣው የዓለም ጋዜጦች አጨበጨቡ። ሰውየው ወደ መድረክ ተመልሶ በ2018 «ላላ በሉ» የተባለ አዲስ አልበም አወጣ። እኛ «ዲስኮ» ብለን የናቅነውን የማሽን ከበሮ ፈረንጅ ሲያደንቀው ደግሞ እኛም ማድነቅ ጀመርን። በሁለቱም ጊዜ በገዛ ጆሯችን አልፈረድንም።

ታዲያ በጆሯችን እንፍረድ ከተባለ መለኪያው ምንድን ነው? አሁን የጋሼን ነገር ልቀጥል።

ያን ማታ ከቪዛው ቀልድ በኋላ ጋሼ ዝም ብለው የከበሮ ማሽኑን አጠፉት። ያንኑ ዘፈን ያለ ምት በሁለት እጃቸው ብቻ ቀጠሉ። ውብ ነበር። ዳሩ ግን ሲጨፍሩ የነበሩት ሰዎች አንድ በአንድ ቆሙ። አንዲት እናት፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ እንዳሰሩ፣ «ኧረ መልሱት እንጂ! ትከሻዬ ጠፋብኝ!» ብለው ጮኹ። ጋሼ ማሽኑን መልሰው አበሩት፤ ያንኑ የዲስኮ ምት። ወዲያው የእናትዬው ትከሻ ተመለሰ። እኔም ያኔ ብቻ የጋሼን እጅ ማየት ጀመርኩ።

የዲስኮ ምት ቀላል ነው። ትልቁ ከበሮ በእያንዳንዱ ምት ላይ ይወድቃል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፤ በደቂቃ 120 ገደማ። እግር ይህን ይወዳል። የእኛ ሙዚቀኞች «ችክችካ» የሚሉት የእስክስታ ምት ግን እያንዳንዱን ምት ለሦስት ይከፍለዋል። ትከሻ የሚንቀጠቀጠው በዚያ በሦስቱ ውስጥ ነው። ማሽኑ አራቱን ሲደልቅ የጋሼ እጅ ከላዩ ሦስት ሦስቱን ትረጭ ነበር። ከማሽኑ ጋር ትሄዳለች፤ ግን አትገዛለትም። አንዳንዴ ትቀድመዋለች፣ አንዳንዴ ሆን ብላ ትዘገይበታለች። እግራችን ብሉር ላይ ነበረች፤ ትከሻችን ጎጃም።

መለኪያው ይኸው ነው ብዬ አምናለሁ። ማን ማንን እየነዳ ነው? የሮሊንግ ስቶንስ «ሚስ ዩ» ከብዙዎቹ የሮክ ዲስኮዎች ተለይቶ የቆየው ለዚህ ይመስለኛል። ከበሮው ቀጥ ብሎ ዲስኮውን ይደልቃል፤ የሹገር ብሉ ሐርሞኒካ ግን ከጥንቱ ብሉዝ ሳይወጣ በላዩ ያለቅሳል። «ሸሞንሟናዬ»ም እንደዚያው ነው። ማሽኑ አይደክመውም፣ አይሳሳትም፤ አኮርድዮኑ ግን ይተነፍሳል፤ አየር ሲስብና ሲለቅ ዜማው ያዘግማል። ማሽኑ ግድግዳ ሆኖ ቆሟል፤ ኃይሉ ግድግዳውን ተደግፎ ይጫወታል።

በአንጻሩ መውደቅ የሚገባቸው ካሴቶች እንዳሉም አልሸሽግም። ከመጀመሪያው ዘፈን እስከ መጨረሻው አንድ ቁልፍ ተጭኖ የቀረበት፣ ትዝታውም ባቲውም በአንድ ፍጥነት የሚጋልብበት፣ ዘፋኙ የቃሉን ጉሮሮ አንቆ ለማሽኑ ሲል የሚቸኩልበት ካሴት ሞልቷል። የትራምፔት ድምፅ ተብሎ የተቀዳው ነገር እንደ ወባ ትንኝ ሲጮህም ሰምተናል። ይህን ማድነቅ አይጠበቅብንም። ጥፋቱ ግን የዕቃው ሳይሆን ዕቃውን ጌታ ያደረገው እጅ ነው።

እንግዲህ ኪቦርዱን ነፃ ላሰናብተው ነው? ቆይ! አንድ በደል አለበት። ብዙዎቻችን የማናነሳው በደል ነው።

ባንድ ማለት ድምፅ ብቻ አይደለም። ባንድ ወንበር ነው። ሁለተኛ ትራምፔት የሚነፋው ልጅ ከአንደኛው ትራምፔት አጠገብ ይቀመጣል። ታላቁ ሲሳሳት ያያል፣ ሲያርም ያያል፣ መቼ ዝም እንደሚል ይማራል። ክብር ዘበኛና ፖሊስ ያፈሩልን ሰዎች ከመጽሐፍ ብቻ አልተማሩም፤ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነው የተማሩት። የኪቦርዱ ሰው ግን ብቻውን ይገባል፣ ብቻውን ይጫወታል፣ ገመዱን ብቻውን ጠቅልሎ ይወጣል። ከጎኑ ወንበር የለም። ስለዚህ ኪቦርዱ የበደለው ምቱን ሳይሆን ወንበሩን ነው። ያስቀረብን የትራምፔቱን ድምፅ ሳይሆን ተማሪውን ነው።

ሁለተኛው ኑዛዜዬ እዚህ ላይ ነው። በዚያው ዓመት ልጄ እዚሁ ቶሮንቶ ትምህርት ቤት የሙዚቃ ክፍል ገብቶ መሣሪያ ምረጥ ቢሉት የመረጠው ትራምፔት ነበር። በየሳምንቱ ጥቁሯን ሣጥን አንጠልጥሎ ይመጣና ጎረቤት እስኪቆጣ ይነፋል። እኔም «በቃ፣ ራሴን አመመኝ!» እያልኩ በር እዘጋበታለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ እዚያ ምግብ ቤት ተቀምጬ፣ ዕድሜያቸውን በትራምፔት የፈጁትን ሰው በኪቦርድ ቁልፍ የሐሰት ትራምፔት ሲያሰሙ አይቼ «ዲስኮ!» እያልኩ እሳለቃለሁ። ሁለቱን ማገናኘት አንድም ቀን አልታየኝም። ልጄ ዓመቱ ሲያልቅ ሣጥኗን ለትምህርት ቤቱ መለሰ። ጋሼም ብዙ ሳይቆዩ ሥራ ፍለጋ ወደ ምዕራብ ካናዳ ሄዱ ተባለ። ይቅርታም አልጠየቅኋቸው። የቪዛውን ቀልድ ባስታወስኩ ቁጥር ይቆጨኛል። ሰባት ሰው አልነበረም የሚያስፈልጋቸው፤ አንዱ ሰው እኔ ቤት ነበር፤ ቪዛም አይጠይቅም።

ልጆቻችን የማሽኑን ድምፅ አይንቁም፤ ይህንን እወቁ። እዚሁ ቶሮንቶ በ1990 ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ተወልዶ ስካርቦሮ ያደገው አቤል ተስፋዬ፣ ዓለም ዘ ዊኬንድ የሚለው፣ በ2019 «ብላይንዲንግ ላይትስ»ን ሲያወጣ የ1980ዎቹን ሲንተሳይዘር ነበር መልሶ ያስጮኸው። ቢልቦርድ በ2021 በአሜሪካ የዘፈኖች ሰንጠረዡ የምንጊዜም አንደኛ ብሎታል። ልጃችሁ ያን ዘፈን በጆሮ ማዳመጫ ሲሰማ፣ በእናንተ አልጋ ሥር በካርቶን የታሸጉት ካሴቶች የዚያው ድምፅ የአክስት ልጆች ናቸው። እስቲ አንድ ቅዳሜ አውጡና አሰሟቸው። «ይሄ የተበላሸው ዘመን ነው» አትበሏቸው። «ከበሮው የማሽን ነው፤ እጁን ግን ስማ፤ ሦስቱን ትሰማለህ?» በሏቸው።

ከዚያ ደግሞ አንድ እርምጃ ጨምሩ። ብዙ የከተማችን ትምህርት ቤቶች ለልጆቻችን ሳክስፎንና ትራምፔት ያስተምራሉ። በየምግብ ቤቱና በየድግሱ ኪቦርድ የሚጫወቱት ታላላቆቻችን መካከልም እነዚያኑ መሣሪያዎች ሲነፉ የኖሩ አሉ። ሰኞ የሚነፋው ልጅና ቅዳሜ የሚጫወተው አዛውንት በአንድ መንገድ ላይ እየኖሩ አይተዋወቁም። የሚያስተዋውቃቸው እንደ እኔና እንደ እናንተ ያለው መካከለኛ ትውልድ ነው። የሚፈለገውም ስቱዲዮ አይደለም፣ ድጎማም አይደለም። በሚቀጥለው ድግስ ኪቦርድ ተጫዋቹን ስትጠሩ ትንሽ ቀደም ብላችሁ ደውሉና፣ «ጋሼ፣ ልጄ ትራምፔት ይማራል፤ አንዲት ዘፈን ያስጀምሩልኝ?» በሏቸው። ለጊዜያቸውም የሚገባውን ክፈሉ፤ ምሳና ምርቃት ብቻ አይበቃም።

ማሽኑ አራቱን ይደልቅ፤ ግድ የለም፤ አይደክመውም። ከኪቦርዱ አጠገብ ግን አንድ ወንበር አስቀምጡ።

ቸር ይግጠመን።